ቀኝ ጎኑን ያላየሁት ፈረስ

ነገሩ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋ ደብቆ ወሬ የሚያረዝም ነጋዴ ሊያታልል ነው። አንድ ጓደኛዬ ከወገቡ በታች አካሉን አጣ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖርሁበትን ሙያ አጣሁ። ዳንግላ ገበያ ውስጥ ድሮ ሰው ነበር ቀድሞ ሰላም የሚለኝ፤ አሁን ቀዳሚው እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ዝናባማ ጠዋት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስላየሁ ነው። ብሩን አላነሳውም። ከጠፋው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ሥራዬ ፈረስ ነበር። ከገበሬ እገዛለሁ፣ ለባለጋሪ እሸጣለሁ፤ በጥር ደግሞ ለክብረ በዓል ግልቢያ ያማረ ፈረስ የሚፈልግ ከእንጅባራ ይመጣብኛል። ትምህርት ቤትና እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተስማማንም። ያስተማሩኝ አያ ፈንታ ናቸው። ከእንጅባራ ወዲህ ያለች መንደር ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ገበያ መሃል ቆመው እንኳ የሚተክዙ ሽማግሌ ነበሩ። ልጓም ያዥ አድርገው ቀጠሩኝ። ደመወዜ ምሳዬ ነበር፤ ምሳው ግን ጥሩ ነበር።

አያ ፈንታ ለሰው ባማርኛ፣ ለፈረስ ባገውኛ ነበር የሚናገሩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ፈረስ አይዋሽ፤ በእናቴ ቋንቋ ባወራው አላፍርም» አሉኝ።

ገበያ ቀን ጎህ ሲቀድ ከከተማ ወጥተው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ገበያ የገባ ፈረስ እንደ ሙሽራ ነው፤ ታጥቦና ተቀባብቶ፣ ሆዱ ተሞልቶ ነው የሚቆም። መንገድ ላይ ያለ ፈረስ ግን ራሱን ነው። በጠዋት ብርድ ገና ሳይፍታታ ሲራመድ የሚያነክስ እግር አይደበቅም፤ ረፋድ ላይ ግን ሙቀቱ ይሸፍነዋል። እሳቸው ገበያው ሳይከፈት የሚገዙትን መርጠው ጨርሰዋል። ሻጩ ግን ይህን አያውቅም።

ገበያ ውስጥ ደግሞ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ፈረሱን ይዞሩታል፤ ሁልጊዜ ሻጩ ከቆመበት በተቃራኒው ጎን ይጀምራሉ። «ሻጭ ጥሩውን ጎን ወደ ፀሐይ ያደርጋል፤ አንተ ጥላውን እይ» ይሉኛል። ጥርስ ያያሉ፣ ከዓይን በላይ ያለውን ጎድጓዳ በአውራ ጣት ይዳስሳሉ፣ ሰኮና ያነሳሉ። ዓይን ላይ ሲደርሱ ግን ጊዜ አያልቅባቸውም። ብዙ ሰው የፈረስ ዓይን የሚፈትን እጁን እያወናጨፈ ነው። ንፋሱ ሽፋሽፍቱን ሲነካው ፈረሱ ይርገበገባል፤ ሰውየውም «ያያል» ብሎ ብሩን ይከፍላል። አያ ፈንታ ጭብጣቸውን ወተት የሞላ ቅል እንደያዘ ሰው ቀስ አድርገው ከጎን ያመጡታል፤ ንፋስ የለው፣ ድምፅ የለው። ከዚያ መሬት ላይ እንጨት ያጋድሙና አንዴ በግራው፣ አንዴ በቀኙ አስጠግተው ያሳልፉታል። መስተዋት የመሰለ፣ ጥርት ያለ፣ ነገር ግን የማያይ ዓይን አለ። «ዓይኑን አትይ፤ ሲያይ እየው» የምትለዋን ቃል ከአባቴ ምክር በላይ ሰምቻታለሁ።

ከሁሉ የምትበልጠው ግን የመጨረሻዋ ጥያቄ ነበረች። ሁሉን አይተው፣ ዋጋ ሳያነሱ፣ ሻጩን «ለምን ትሸጠዋለህ?» ይሉታል። ሻጩ የተዘጋጀውን ይመልሳል፤ ልጄን ልድር፣ ማዳበሪያ ልግዛ፣ ምናምን። እሳቸው ዝም ይላሉ። ሰርዶ ነቅለው በጥርሳቸው እየሰበሩ ዝም ነው። ሰው ደግሞ ዝም ካለ ሰው ፊት ብዙ መቆየት አይችልም። አንዱ ገበሬ በዚህ ዝምታ ፊት ሲቁነጠነጥ ቆይቶ «ለነገሩ…» አለ፤ «ለነገሩ ውሃ ስታይ ትተኛለች።»

«ምኗ ነው የሚተኛ?» አሉ አያ ፈንታ።

«እሷው ናት። ወንዝ ስንሻገር እኔን እንደተሸከመች ትተኛለች። ሁለት ጊዜ ቄሱን ይዛ ተኝታለች።»

አያ ፈንታ ሸጠውት ገዢው የተቆጨበት ፈረስ አላስታውስም። ሲሸጡም ጉድለቱን ከዋጋው አስቀድመው ይናገሩ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከእንጅባራ የመጣ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ የፈረስ ፎቶ አሳያቸው። የዚህ ዓይነት ስልክ ገና ብርቅ ነበር። አያ ፈንታ ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ገለበጡና ጀርባውን አዩ።

«ምን እየፈለጉ ነው አያ?» አለ ጎልማሳው።

«ሌላውን ጎኑን ነዋ! ይሄ ግራው ነው። ቀኙስ?»

ገበያው ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁ እኔ ነኝ። ለዓመታት መሸታ ቤት ውስጥ ይህችን እያወራሁ ሰው አስቄአለሁ። እሳቸው አልሳቁም። ስልኩን ለባለቤቱ መለሱና ጥላ ውስጥ ወዳሰሩት ፈረስ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩ፤ አረፉ። ስልኩ ግን ቀጠለ።

ባጃጅ ዳንግላ ሲበዛ የጋሪ ሥራ ቀነሰ፤ ፈረስ ገዢውም አብሮ ቀነሰ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ውብአለም ለዕረፍት መጥታ «አባዬ፣ ፈረስህን አገር ይየው እንጂ» ብላ ኢንተርኔት ላይ በስሜ ገጽ ከፈተችልኝ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ እሷ ቀረጸች፤ ሁለተኛውን እኔ ቀረጽሁ። በሳምንቱ ከማላውቀው አገር ሰው «ያምራል» እያለ ይጽፍልኝ ጀመር። ፈረስ የማይገዛ ሰው ያምራል ማለቱ ለነጋዴ ምን ይጠቅማል? ምንም አይጠቅምም። ግን ደስ ይላል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ቀረጻም ጥበብ አለው። ጠዋት ፀጉሩን በእርጥብ ጨርቅ ካበስኸው ዳማ ፈረስ እንደ መዳብ ያበራል። በርከክ ብለህ ከታች ወደ ላይ ከቀረጽኸው ፈረሱ ይረዝማል። አያ ፈንታ ሻጭ ያደርገዋል ብለው እንድጠነቀቅ ያስተማሩኝን ሁሉ አሁን እኔ በስልክ እሠራው ጀመር። ሥራውም ሰፋ። ሻጭ ቪዲዮ ይልክልኛል፣ እኔ ለገዢ አስተላልፋለሁ፣ ፈረሱ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፤ እኔ ፋንድያ ሳልረግጥ ድርሻዬን አገኛለሁ። ጫማዬ ጸዳ። መንደሩ «ባለ ገጹ» ይለኝ ጀመር።

ኔትወርክ ለወራት የጠፋበት ጊዜም ነበር። ያኔ እንደ ጥንቱ ከገበያ ገበያ በእግሬ ዞርሁ፤ እያማረርሁ። በነዚያ ወራት በሸጥኋቸው ፈረሶች አንድም ሰው አልተከፋብኝ። ይህን ያስተዋልሁት ግን አሁን ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ እልል ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ስማቸው የሚባል የዳንግላ ባለጋሪ አለ። ከወጣትነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ሦስት ፈረስ በተለያየ ጊዜ ሸጬለታለሁ፤ ሦስቱንም እስኪያረጁ ነድቷቸዋል። ወፍጮ ቤት ዱቄት ያመላልሳል፣ ገበያተኛ ይጭናል። ባጃጆች ጥሩምባ ሲነፉበት «ቆይ እስኪ፣ ያንተ ፈረስ ሲጠማው እናያለን!» ይላቸዋል፤ ቤንዚን የጠፋ ጊዜ ደግሞ እየሳቀ በአጠገባቸው ያልፋል። ያለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ፈረሱ ሞተበት። ቤቴ መጣ፤ ቀልዱ አብሮት አልመጣም።

«አንድ ፈረስ ፈልግልኝ። ጥሩአለም ጋሪውን ሽጠውና ዘበኝነት ግባ እያለችኝ ነው» አለ። ጥሩአለም ሚስቱ ናት።

«ምን ዓይነት?»

«ባጃጅ የማያስደነግጠው። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ግድ የለኝም። ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ይሄ ካልሆነ ጋሪው ይሸጣል።»

በሳምንቱ ከጥሊሊ በኩል አንድ ሰው ቪዲዮ ላከልኝ። ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ የአምስት ዓመት። በሶምሶማ ይመጣል፣ ይቆማል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ኮራ ያለ ፈረስ ነው አልሁ። ጥሊሊ ሄጄ ላየው ተነስቼ ነበር፤ ጃንጥላዬን ይዤ በር ላይ ደርሼአለሁ። ዝናቡ አፈሰሰው። እስከ እንጅባራ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ ጥበቃ፣ ከዚያ በጭቃ በእግር። ጃንጥላውን መልሼ ሰቀልሁ። ሌሊቱን ሳስበው ያደርሁት ውሳኔ አይደለም፤ ሰው ካልሲ ሲመርጥ የሚያስበውን ያህል እንኳ አላሰብሁበትም። ተቀመጥሁና ደወልሁ።

ያስተማሩኝን ረስቼ አልነበረም። ጠየቅሁት።

«ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ኧ… ያው ብር አስፈልጎኝ ነው፣ ጋሽዬ።»

እንደ አያ ፈንታ ዝም አልሁ። ሰርዶ ብቻ ነው የጎደለኝ።

«ሃሎ?» አለ። ዝም አልሁ። «ሃሎ! ጋሽዬ፣ ይሰማል? ኧረ ይሄ ኔትወርክ! ሃሎ!» ብሎ ዘጋው።

መልሼ ስደውል ያንን ጥያቄ ለመድገም አፈርሁ መሰለኝ፣ ወይም ረሳሁት። ስለ ዋጋ አወራን። ተስማማን።

ፈረሱ በማግስቱ ስማቸው ቤት ወረደ። ስማቸው ደወለልኝ።

«ደረሰ! ና እየው እንጂ።»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

«በስልክ?»

«በስልክ። ሦስት ጊዜ።»

ሳቀ። «እሺ፤ አንተ ካየኸው እኔ ምን ላየው። ዓይኑ ያንተ ነው።»

ከቤቴ እስከ ስማቸው ቤት ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያን ሩብ ሰዓት ምን እንደሠራሁበት አስታውሳለሁ። «ይሄ ፈረስ ስንት ነው?» ላለ የማላውቀው ሰው መልስ ስጽፍ ነበር። ሰውየው አልገዛም።

አራት ቀን በሰላም አለፈ። ስማቸው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ባለ ገጹ! ሎንቺና ሲያልፍ ንቅንቅ አይልም፤ እኔን ነው የሚያስደነግጠኝ!» ብሎ ተሳለቀ። እውነቱን ነበር። ጋሪ የሚሄደው መንገዱን በቀኝ ጠርዝ ይዞ ነው፤ መኪናው ሁሉ የሚያልፈው በግራ ነው። በግራው ያያል።

በአምስተኛው ቀን ከወፍጮ ቤት ዱቄት ጭኖ ሲመለስ አንድ ባጃጅ በቀኝ በኩል ካለ ቅያስ ወጣ። ፈጥኖም አልነበረም። ጥሩምባውን ነፋ፤ ፈረሱ ምንም ከማያይበት ጨለማ በኩል ድምፅ መጣበት። ዘለለ። ጋሪው በአንድ ጎማው ቆሞ የድንጋይ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ፤ ስማቸው ከታች። ስደርስ ሰዎች አውጥተውት ነበር። ቦዩ በሙሉ ዱቄት ነው። ስማቸው ፊቱና ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ባንድ ቀን ሸምግሏል። ነፍሱን አልሳተም።

«አለምነው፣ እግሬ ላይ ያለውን ጆንያ አንሱልኝ በላቸው» አለኝ።

እግሩ ላይ ጆንያ አልነበረም።

ባሕር ዳር ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ለጥሩአለም ቀስ አድርጎ ነገራት። እሷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ «አየሁት ብለኸው ነበር አይደል?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቤቴ ተመልሼ ያንን ቪዲዮ ከፈትሁ። አያ ፈንታ አጠገቤ እንደቆሙ አድርጌ አየሁት። ፈረሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግራ ጎኑን ነው የሚያሳይ። አንገቱን ሰበር ማድረጉ ኩራት አልነበረም፤ በግራ ዓይኑ ፊት ለፊቱን ሊያይ ራሱን ወደ ቀኝ ያዞራል። ቀኝ ጆሮው ደግሞ እረፍት የለውም፤ ዓይን ያልደረሰበትን እየዞረ ያዳምጣል። ግራው ጆሮ ጸጥ ብሏል። አንድ የጆሮ ልዩነት! ገበያ ውስጥ ቢሆን በሃያ ክንድ ርቀት አውቀው ነበር። ሦስት ጊዜ አይቼ ያየሁት የፀጉሩን ማማር ነው።

ስልኩን ገለበጥሁና ጀርባውን አየሁት። ጥቁር ነው። የራሴ ፊት በድንግዝግዝ ይታየኛል፤ ሌላ ምንም የለውም።

ለሻጩ ደወልሁለት። ልሰድበው ነበር የተዘጋጀሁ።

«ቀኝ ዓይኑ እንደማያይ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሽዬ። ለዚያ እኮ ነው የሸጥሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ልነግርዎት ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሰው ሲደውሉ ዋጋ ጠየቁኝ። እኔማ አይተውታል ብዬ ነው። ያን ሁሉ ሰው ገጽዎ ላይ ሲያመሰግንዎት እያየሁ፣ እኔ ገበሬው ምን ብዬ ላስተምርዎት?»

ሳልሰድበው ዘጋሁት።

ስማቸው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲተኛ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ። ያገራችን ወግ ነው፤ በዳይ ሽማግሌ ይልካል፣ እግር ላይ ይወድቃል፣ የተባለውን ይክሳል። ስማቸው ለሽማግሌዎቹ ጠላ እንዲቀዳላቸው አዘዘ፣ አመሰገናቸው፤ ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ሽማግሌ ለተጣላ ሰው ነው። እኔና እሱ አልተጣላንም። አየሁት አለኝ፣ አመንሁት። ይሄ ጠብ ቢሆን በምን ዕድሌ፤ ያስታርቁን ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን አስቀመጡ። እኔ «ምን ላድርግልህ፣ ስማቸው?» አልሁት።

ፈረሱ ጓሮ ታስሮ ነበር። ምንም አልሆነም፤ ጉልበቱ ትንሽ ተፍቆ ነበር፣ ድኗል።

«ፈረሱን ሽጥልኝ» አለ። «እንደ አያ ፈንታ አድርገህ።»

ሦስት የገበያ ቀን ፈጀብኝ። ከፀሐዩ በኩል ግራውን ሳይሆን ቀኙን አቆምሁት፤ እኔም በዚያው በቀኙ ቆምሁ። የቀረበውን ሰው ሁሉ ሰላምታ ሳይጨርስ «ይሄ ዓይኑ አያይም» እለዋለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚሸጥበት ብልሃት መሰለው። «ጋሽ አለምነው፣ ዛሬ ቪዲዮ የለም እንዴ?» ይላል አንዱ። «ነጋዴ ዕቃውን ሲያማ ዛሬ አየሁ፤ ልሙት!» ይላል ሌላው። ሳቁብኝ። ያንን የሳቅ ድምፅ የት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ።

በሦስተኛው ገበያ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ፈረሱን ዞሩት። ጭብጣቸውን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ዓይኑ አመጡ፤ አልተርገበገበም። ወደ ግራው አመጡ፤ ራሱን መለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ቀኝ ዓይኑ አያይም ብዬዎታለሁ።»

«እሱንማ አየሁት። ለምን ትሸጠዋለህ?»

ዝም አሉ። ዱላቸውን ተመርኩዘው ፈረሱን እያዩ ዝም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ዝምታ ሰው ሳናግር ኖሬ፣ ከወዲያኛው በኩል እንዴት እንደሆነ አላውቀውም ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሌላ ቦታ አየሁ። ከዚያ ከጃንጥላው ጀምሬ ነገርኋቸው። ዝናቡን፣ ሩብ ሰዓቱን፣ ዱቄቱን፣ ጆንያውን። ገበያ መሃል ቆሜ ነው። ስጨርስ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም። «የኛ መንደር ባጃጅ አይደርስ። እኔም ግራ ጆሮዬ አይሰማ። እንግባባለን» አሉና ልጓሙን ያዙ።

ዋጋውን ለጥሩአለም ሰጠሁ። ስማቸው «ማን ገዛው?» ብሎ ጠየቀ፤ ነገርሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ጋሪው ግቢ ውስጥ እንደተገለበጠ ነው፤ ዶሮዎች ያድሩበታል። ገጹን ውብአለም ዘግታዋለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ፈረስ አልገዛሁም፣ አልሸጥሁም።

ከቤቴ እስከ ስማቸው ቤት ሩብ ሰዓት ነው። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ዝናብም ቢሆን። ፈረሱ ተሽጧል። ስማቸው አይነሳም።